ሁለት አስጎብኚ ለአንድ መንገድ፦ በተቃቃሩ መንደሮች መካከል ጉብኝት እንዴት ይዘጋጃል?

ቱሪስት በረገጠበት ሁሉ ሰላም ይወርዳል ማለት አይደለም። ቂም በያዙ ሁለት መንደሮች መሀል የገባ የእንግዳ ገንዘብ፣ አከፋፈሉ ካላማረ፣ ለአሮጌው ጠብ አዲስ ማገዶ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 1967ን የቱሪዝም ዓመት ብሎ ሲሰይም «ቱሪዝም፣ የሰላም ፓስፖርት» የሚል መፈክር ይዞ ነበር፤ እንዴት የሚለውን ግን መፈክር አይመልሰውም።

ለዚህ ጥያቄ የሚረዳው የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር የጎርደን ኦልፖርት ሐሳብ ነው። ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንደጻፈው፣ ሰዎች መገናኘታቸው ብቻውን ጥላቻን አያበርድም። አራት ነገር ይፈልጋል፦ ሲገናኙ እኩል መሆን፣ የጋራ ዓላማ መያዝ፣ ለዓላማው ተባብሮ መሥራት፣ ከበላይ ያለው ሕግ ወይም ባለሥልጣን ግንኙነቱን መደገፉ። በመኪና መስኮት ፎቶ አንስቶ የሚያልፍ ጎብኚ ከአራቱ አንዱንም አያሟላም። እዚህ ያለው አሠራር አራቱን በየሰዓቱ ወደሚፈጸም ፕሮግራም ለመለወጥ ነው።

መንገዱን ከመቀየሳችሁ በፊት

ሁለቱንም መንደር ለየብቻ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አነጋግሩ። የሚጠይቀው ሰውም ጥያቄውም አንድ ይሁን። መጀመሪያ «ምን እናሳይ?» አትበሉ፤ «ምን አይታይ?» በሉ። መቃብር፣ ክርክር ያለበት መሬት፣ ሐዘኑ ያልወጣ ቤት በዚህ ጥያቄ ይወጣል፣ ከካርታውም ይሰረዛል። ሽማግሌዎችን ብቻ አነጋግራችሁ እንዳትመለሱ፤ ሴቶችንና ወጣቶችን ለብቻቸው ስሙ። ሽማግሌ የፈቀደውን መንገድ ያልተጠየቀ ወጣት ድንጋይ ደርድሮ ሊዘጋው ይችላል።

አንደኛው ወገን እምቢ ካለ ጉዞው ይቅር። «በአንዱ እንጀምርና ሌላው ይከተላል» የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው የአንድ ወገን ስብከት በመሆን ነው። የባለሥልጣን ፈቃድም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይያዝ። አልባኒያን፣ ኮሶቮንና ሞንቴኔግሮን አገናኝቶ 192 ኪሎ ሜትር የሚዞረው የባልካን ተራሮች የእግር መንገድ ድንበር የሚሻገረው የፍተሻ ኬላ በሌለበት ተራራ ላይ ስለሆነ፣ ተጓዡ ፈቃዱን ቀድሞ ማውጣት አለበት።

አስጎብኚዎቹ

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንዱ ቅብብሎሽ ነው፦ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ለዓመታት በተጋጩባት በሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስት ከተማ፣ በግጭቱ ታስሮ የነበረ የአንደኛው ወገን ሰው ጎብኚዎችን በካቶሊኮቹ ሰፈር በፎልስ መንገድ ይዞ ይመጣና፣ ሰፈሮቹን በሚለየው ግንብ አጠገብ በፕሮቴስታንቶቹ ሰፈር በሻንኪል በኩል ላለው የቀድሞ ባላንጣው ያስረክባል። ሌላው ጥንድ ነው፤ እስራኤላዊና ፍልስጤማዊ አስጎብኚ ጉዞውን ሙሉ አብረው የሚመሩባቸው ጉብኝቶች አሉ። ቁስሉ ትኩስ ከሆነ በቅብብሎሽ ጀምሩ። ጥንድ የሚያዋጣው ሁለቱ አስጎብኚዎች ያለ እንግዳም ቁጭ ብለው መነጋገር ሲችሉ ነው።

በጥንድ ጉዞ አንድ ድልድይ ላይ ቆማችኋል እንበል። አንዱ «እዚህ ተጠቃን» ይላል፣ ሌላው «እዚህ ራሳችንን ተከላከልን» ይላል። ለእያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ ይሰጣል፤ ዛሬ የጀመረው ነገ ሁለተኛ ይሆናል። «እውነቱ ይህ ነው» የሚል አነጋገር ተከልክሎ «የእኛ ሰዎች የሚያስታውሱት እንዲህ ነው» ይባላል። አንዱ የሌላውን ቀን ወይም ቁጥር በእንግዳ ፊት አያርምም፤ ማስታወሻ ይይዝና ማታ ይነጋገሩበታል። ሁለቱም ሲጨርሱ ጥያቄ ወዲያው አይከፈት፣ 10 ደቂቃ ያህል ዝም ብሎ መራመድ ይበጃል። እዚያው የተነሣ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ታዲያ ማን ነው ትክክል?» ይሆናልና።

ቢያንስ 3 ጊዜ ያለ እንግዳ ልምምድ አድርጉ። በመጨረሻው ልምምድ የአንዱን ትረካ የሌላው መንደር ሰዎች ይስሙት። እዚያ የሚያስቆጣ ቃል እንግዳ ፊት ከመሰማቱ በፊት የሚወጣው በዚህ ነው።

እንግዶቹ

ከ12 ሰው አይብለጡ። ከዚያ በላይ ሲሆን ድምፅ ማጉያ ያስፈልጋል፣ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ጨዋታውን ስብሰባ ያደርገዋል። በዋዜማው 20 ደቂቃ ገለጻ ስጡ፦ ሰውን «የየትኛው ወገን ነህ?» አለማለት፣ ሕፃናትን፣ መቃብርንና ኬላን ፎቶ አለማንሣት፣ አስታራቂ ለመሆን አለመሞከር። የመጨረሻውን ደጋግማችሁ ንገሯቸው። በሁለት ቀን ቆይታ «ለምን አትታረቁም?» የሚል እንግዳ ከጉዞው ችግሮች ሁሉ ይከፋል።

ግማሽ ቀን ለጋራ ሥራ መድቡ፤ የእግር መንገድ ጥገና ጥሩ ነው። ከእያንዳንዱ መንደር የተውጣጡ 6 ሰዎች ከእንግዶቹ ጋር ይሥሩ፣ አካፋና ዶማው ግን ለመንደር ሳይለይ ይከፋፈል። ሰው በደመወዝ የሚሠራውን ሥራ እንግዳ በነጻ እንዳይነጥቀው ተጠንቀቁ። የውኃ ነገርም አለ፦ በበጋ ነዋሪው የሚሰለፍበት ምንጭ ካለ በዚያ ወቅት እንግዳ አይደር። ቆሻሻውን እንግዳው ራሱ ይዞት ይመለስ።

ገንዘቡ

ሩዋንዳ ከብሔራዊ ፓርኮቿ የቱሪዝም ገቢ 5 በመቶውን በዙሪያው ላሉ ማኅበረሰቦች መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ በ2017 ወደ 10 በመቶ አሳድጋዋለች። ለትንሽ ጉዞ መነሻ የሚሆን ድልድል ይኸው፦ ከ100 እጅ 30 ለሁለቱ አስጎብኚዎች፣ 15 ለ15፤ 40 ለማረፊያና ለምግብ፤ 10 ለጋራ ፈንድ፤ 20 ለአዘጋጁ። ክፍያው በአንድ ቀን ይፈጸም፤ ሂሳቡም ሁለቱም መንደር ውስጥ በሚታይ ሰሌዳ ላይ በአንድ ቀን ይለጠፍ። ትናንት እዚያ ተለጥፎ ዛሬ እዚህ ከተለጠፈ ወሬው ቀድሞ ይደርሳል።

ማረፊያ በተራ እንጂ በእንግዳ ምርጫ አይሁን። አንዴ ለ«ሻል ያለው ቤት» ተራ ከተዘለለ ዝርዝሩ ዋጋ የለውም። በጋራ ፈንዱ አንድ ትልቅ ነገር በአንዱ መንደር ከማቆም ሁለት ትናንሽ መሥራት ይሻላል፣ ካልሆነም ወሰኑ ላይ ያለውን ድልድይ ማደስ።

ሲበላሽ

ከእያንዳንዱ መንደር አንድ ሰው ጉዞውን ምክንያት ሳይሰጥ የማስቆም ሥልጣን ይኑረው። ከጉዞው 48 ሰዓት በፊትና በመነሻው ጠዋት ሁለቱም ይደወልላቸው። ጉዞው ቢሰረዝም ለአስጎብኚዎቹ ይከፈል፤ ካልተከፈላቸው አደጋ እያዩ ዝም ለማለት ይገፋፋሉ። እንግዶች ፎቶና የቦታ አድራሻ የሚለጥፉት ከወጡ በኋላ ይሁን፣ የሰው ፊት ካለበት ደግሞ ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ።

ውጤቱን በእንግዳ ቁጥር አትለኩ። በ6 ወሩ ወደ ሁለቱም መንደር ተመልሳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ባለፈው ወር እንግዳ ሳይኖር ወደዚያኛው መንደር ሄዳችኋል? ከእነሱ ጋር የገዛችሁት ወይም የሸጣችሁት ነገር አለ? የገንዘቡ አከፋፈል ልክ ነው ትላላችሁ? ሦስተኛውን «አይደለም» የሚሉ ከበዙ፣ ድልድሉ እስኪስተካከል አዲስ እንግዳ አትቀበሉ።