ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኮምፒውተር ቪአር ጌም ያለ ገመድ እንዴት መጫወት ይቻላል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቁጭ ብዬ የኮምፒውተር ቪአር ጌም (መነጽር ለብሰው ውስጡ እንደገቡ ሆነው የሚጫወቱት) መነጽሩ ላይ ያለ ገመድ እጫወታለሁ ስል ሰው ሁሉ «በዚህ ኢንተርኔት?» ይለኛል። ምስሉ ግን ከቤት አይወጣም። ኮምፒውተሩ ጌሙን ያስኬዳል፣ ምስሉን ጨምቆ ለራውተሩ ይሰጣል፣ ራውተሩ ወደ መነጽሩ ይልካል። ኢንተርኔት ሚያስፈልገው ጌሙን ለማውረድ ነው። እሱን ማታ ጀምራችሁ ተኙ፤ መብራት ቢሄድም ስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራም) ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

ስለዚህ ብር ካላችሁ የኢንተርኔት ፍጥነት ከማሳደግ ይልቅ ራውተር ላይ አውሉት። 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ያለው ይሁን። በ2.4 ጊጋኸርዝ አትድከሙ፤ የብሎኩ ነዋሪ ሁሉ የሚሻማው እሱን ነው። ስትገዙ ከጀርባው ያሉት የገመድ ቀዳዳዎች ጊጋቢት (በሰከንድ 1000 ሜጋቢት) መሆናቸውን ጠይቁ። ብዙ ርካሽ ራውተሮች 100 ሜጋቢት ላይ ይቆማሉ።

አሁን ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኙ። በገመድ! እኔ «ያለ ገመድ ከተባለ ያለ ገመድ ነው» ብዬ ኮምፒውተሩንም በዋይፋይ አድርጌ ሁለት ሳምንት ተሰቃይቻለሁ። ምስሉ በአንድ አየር ሁለቴ ስለሚመላለስ ይቆራረጣል፣ ጭንቅላት ዞር ሲል ምስሉ ይዘገያል፣ ከዚያ ማጥወልወል ነው። ገመዱን ሱቅ ውስጥ የሚያስሩላችሁ ከሆነ ስምንቱም ሽቦ መታሰሩን እዩ። አራቱን ብቻ ካሰሩት ፍጥነቱ ያው 100 ላይ ይቀራል።

ቀጥሎ በብሮውዘር ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ ገብታችሁ ለ5 ጊጋኸርዙ የተለየ ስም ስጡት። መነጽሩን፣ ለምሳሌ ሜታ ኩዌስት 2 ወይም 3ን፣ ከእሱ ጋር ብቻ አገናኙ። ራውተሩም የምትጫወቱበት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። 5 ጊጋኸርዝ የብሎኬት ግድግዳ አይወድም።

ሶፍትዌሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ስቲምንና የቪአር ፕሮግራሙን ስቲምቪአርን ጫኑ። መነጽሩ ላይ ምስሉን ከኮምፒውተሩ የሚቀበለውን አፕ፣ ስቲም ሊንክን፣ ከሜታ ሱቅ በነጻ አውርዱ። ስትከፍቱት ኮምፒውተራችሁን ፈልጎ ያገኛል፤ የሚያሳያችሁን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ጻፉ። አለቀ። ስቲም ሊንክ ሲወጣ ዝቅተኛ ተብሎ የተጠየቀው የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን የሚሰራው ክፍል) የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 970 ነበር፤ በእሱ ግን ከባድ ጌም ባትሞክሩ ይሻላል። በስቲም ሊንክ ፈንታ የሚሆነው የሜታው ኤር ሊንክም ነጻ ነው። ሌላው አማራጭ ቨርችዋል ዴስክቶፕ ይከፈልበታል፣ ግን ማስተካከያው ብዙ ነው።

ምስሉ አሁንም ከተንቀረፈፈ መጀመሪያ በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት ከ90 ወደ 72 አውርዱ። ካልበቃ የምስል ጥራቱን ቀንሱ።

ከመጀመራችሁ በፊት ረከቦቱን አንሱ። መነጽሩ ወሰን አስምሩ ይላችኋል፤ ከሶፋውና ከቴሌቪዥኑ አርቃችሁ አስምሩ፣ የመቆጣጠሪያውን ማሰሪያም እጃችሁ ላይ አጥብቁ።

መብራት ሲሄድ መነጽሩ የራሱ ባትሪ ስላለው አይጠፋም። ላፕቶፕ ከሆነ እሱም አይጠፋም። የሚጠፋው ራውተሩ ነው፣ ጌሙም አብሮት ይሄዳል። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ግዙ።