ታፔላው ከመሰቀሉ በፊት፦ የሱቅ ስምና የማስታወቂያ ቃል አወጣጥ

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ፣ ከአንድ ማተሚያ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ለሱቆች ስም አወጣለሁ፤ የታፔላ፣ የባነርና የማሸጊያ ጽሑፍ አዘጋጃለሁ። ሥራውን ስጀምር ቃል ከራሴ የሚፈልቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የማምነው ጥሩ የንግድ ቃል አስቀድሞ በገዢው አፍ ውስጥ እንዳለና የእኔ ድርሻ ሰምቶ መጻፍ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ሱቅ ልትከፍቱ ያሰባችሁ ሁሉ ከብዕር በፊት ጆሮ ይዛችሁ ጀምሩ።

አራዳ ገበያ አጠገብ ባልትና የሚሸጡ አንዲት እናት "ጎልደን ስፓይስ ኢንተርናሽናል" የሚል ታፔላ ሊያሠሩ መጡ። "እትዬ፣ መጀመሪያ ሁለት ጠዋት ሱቅዎ ልቀመጥ" አልኋቸው። "ተቀመጥ ልጄ፤ ብቻ ገዢ እንዳታሸሽብኝ" አሉኝ። ደብተሬን ይዤ ከበርበሬው ጆንያ አጠገብ ተቀመጥሁ። ገዢዎች ሽሮውን አንሥተው ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ "ባቄላ አልገባበትም?" ስለ ጥራት የጠየቀ፣ ስለ ዓለም አቀፍነት ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። ሱቁንም ቢሆን ሲጠሩት ሰማሁ፤ አንዲት ልጅ በስልክ "ሰማያዊው በር ጋ ነኝ" አለች፤ ከእርሷ በኋላ የመጣ ተሸካሚም እንዲሁ። በሩ በእርግጥ ሰማያዊ ነው። ስሙም የማሸጊያው ጽሑፍም በሁለት ጠዋት ተገኘ፦ "ሰማያዊ በር ባልትና"፣ ከሥሩ ደግሞ "የአተር ሽሮ። ባቄላ አልገባበትም።"

የገዢ አፍ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማወቅ ከፒያሳ አዘዞ የምትሄዱበትን ተሽከርካሪ አስቡ። ባጃጅ የአንድ የህንድ ኩባንያ ስም ነው፤ እኛ ግን ባለሦስት እግሩን ሁሉ ባጃጅ አልነው፣ አለቀ። ሀይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። ዛሬ የየትኛውም ፋብሪካ ውሃ ሲገዛ "ሀይላንድ ስጠኝ" ይባላል፤ ባዶው ፕላስቲክም ሀይላንድ ተብሎ ዘይትና ጠላ ይቀዳበታል። ፈሳሽ ሳሙናውን ላርጎ እንላለን። ፒያሳና ጎሚስታ ከጣሊያን መጥተው ቤተኛ ሆነዋል። ይህን ማንም አላዘዘም፤ ምላስ የቀለለውን ወሰደ። "ጎልደን ስፓይስ ኢንተርናሽናል"ን ግን የትኛዋ አሮጊት ለባጃጅ ነጂ ትናገረዋለች? ያወጣችሁትን ስም ሞተሩ እየጮኸ ለነጂው ንገሩት። "ምን አልክ?" ካላችሁ ስሙ ገና አልበሰለም።

ቀጥሎ ባዶ ቅጽል አውጡ። "ጥራት መለያችን ነው" የሚለውን ዐረፍተ ነገር ውሰዱና የሱቁን ስም በእጃችሁ ሸፍኑ። ለሥጋ ቤቱም፣ ለጫማ ሱቁም፣ ለመድኃኒት ቤቱም የሚስማማ ከሆነ የማንም አይደለም፤ ሰርዙት። "ባቄላ አልገባበትም" ግን ሊጣራ የሚችል ቃል ነው፤ ሐሰት ከሆነ ባለቤቷን ያዋርዳል። ለዚህም ነው እውነት መሆኑን ወፍጮ ቤት ድረስ ሄጄ ሳላይ ያልጻፍሁት።

እኔን ብዙ ሌሊት ያሳደረኝ አንባቢውን ማን ብሎ መጥራት እንደሚገባ ነው። አማርኛ ሲያዝ ሰውን ሳይለይ አያልፍም፦ ግዛ፣ ግዢ፣ ግዙ፣ ይግዙ። በእኛ አገር አንቱ የሚባል ሰው አንተ ከተባለ ተሰደበ ማለት ነው። እትዬም "አንቱ የምላቸው ገዢዎች አሉኝ፤ 'በጥብጪ' ብለህ እንዳትጽፍብኝ" ብለው አስጠነቀቁኝ። የአሠራር መመሪያውን ስለዚህ ማንንም በማያዝ አነጋገር ጻፍሁት፦ "ሽንኩርቱ ይቁላላል፤ ውሃው ሲፈላ ሽሮው በጥቂት በጥቂቱ ይነሰነሳል።" ወጥ ስትሠራ የምታስተምር እናት ራሷ እንዲህ ነው የምትናገረው። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ አጠገብ ላለ ጭማቂ ቤት ግን "ኑ፣ ጠጡ" አልሁ፤ ተማሪዎች በቡድን ይመጣሉ፣ ብዙ ቁጥሩም ወንድና ሴትን ሳይለይ ያቅፋል። "እርስዎ" ብላቸው ኖሮ በባንክ ደብዳቤ የተጠሩ ይመስላቸው ነበር።

ፊደላችን የማያሳየው ነገርም አለ፤ መጥበቅና መላላት። አንድ የልብስ ሱቅ "ገና ቅናሽ አለ" ብሎ ባነር ሰቀለ። ለበዓሉ ማለቱ ነበር፤ አላፊው ግን አላልቶ አነበበውና ሌላ ቅናሽ ወደፊት እንደሚመጣ ጠበቀ። "የገና በዓል ቅናሽ" ቢል ይበቃው ነበር። ጽሑፋችሁን ነገሩን ለማያውቅ ሰው ስጡና ጮክ ብሎ እንዲያነብ አድርጉ፤ እናንተ አንብባችሁ አታስረዱት።

የሆሄ ነገርም በጎንደር ቀልድ አይደለም፤ ከተማው የአብነት ተማሪ የሞላበት ነው። አንድ ታፔላ ጸሐፊ የራሱን በር ላይ "ሰአሊ" ብሎ ጽፎ ነበር። ሥዕል የሚሥለው ሠዓሊ ነው፤ ሰአሊ የሚለምን፣ የሚማልድ ነው፤ እመቤታችንን "ሰአሊ ለነ" የምንላት ለዚህ ነው። ለብቻው ጠርቼ ነገርሁት፤ በማግሥቱ አርሞት አየሁ።

ፋሲል፣ ምንትዋብ፣ ግንብ የሚሉ ስሞችን ለሚመርጡ ልቤ ያዝናል እንጂ አልቃወምም። ፍቅሩ የእኔም ነው። ነገር ግን መንገዱ ሁሉ ፋሲል ሲሆን ስሙ ሱቃችሁን ከጎረቤታችሁ መለየት ይሳነዋል። ዳሸን የሚለው ስም ለቢራም ለባንክም ሆኗል፤ የንግድ ምልክት ለዕቃና ለአገልግሎት ዓይነት ተለይቶ ስለሚመዘገብ ሁለቱ አይጋጩም። ሁለት ሽሮ ሻጮች ግን በአንድ ስም ይጣላሉ። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የተመዘገበ ምልክት ለ7 ዓመት ይጠበቃል፤ ከዚያም ይታደሳል። ስሙ በሌላ ሰው መያዝ አለመያዙን ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ።

ሰማያዊ በርን ስጨርስ አንድ ሥጋት ያዘኝ። ሰማያዊ ማለት የሰማይ፣ መንፈሳዊ ማለትም ነው። "ሰማያዊ በር" ሲባል የገነት በር መስሎ ቢሰማስ? ሽሮ መሸጫን በዚያ መጥራት ድፍረት እንዳይሆን ፈርቼ አንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ሄድሁ። ጥቂት አሰቡና "ሰሙ ይታይ፤ ወርቁን ለሚያስተውለው ተወው" አሉኝ። የምክራቸውን ፍሬ ታፔላው ላይ አዋልሁት፤ ከስሙ አጠገብ ራሱን በሩን፣ የእንጨቱን ፍንጣቂ ሳይቀር አሣልሁ። የሚያየው ሰው የትኛው በር እንደሆነ አይጠራጠርም።

እትዬ ታሪኩን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ወዲህ ጥር ሳይገባ፣ የጥምቀት እንግዳ ሳይመጣ ቀለም ይገዛሉ፤ ያችኑ ሰማያዊ እንጂ ሌላ እንዳይሆን ካለፈው ዓመት ጣሳ ላይ የተረፈውን ይዘው ሄደው እያመሳከሩ።