ልጆች የትምህርት ቤት መዋጯቸውን በቤት ውስጥ ሥራ እንዲያገኙ ማድረግ

ትምህርት ቤት ለቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ለመግዛት፣ መጸዳጃ ቤት ለማደስ ወይም ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና የደንብ ልብስ ለማሟላት መዋጮ ሲጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ ልጁ ወረቀቱን ያመጣል፣ ወላጅ ብሩን ይሰጣል፣ ልጁም በማግሥቱ አስረክቦ ይረሳዋል። ገንዘቡ ደርሷል፤ ልጁ ግን ከራሱ ያዋጣው ነገር የለም። መዋጮውን በቤት ውስጥ ሠርቶ እንዲያገኘው ማድረግ የተሻለ ነው፤ ሆኖም በጥንቃቄ ካልተያዘ፣ የበላበትን ሳህን ለማንሣት እንኳ ዋጋ የሚጠይቅ ልጅ ሊያፈራ ይችላል።

ይህ ሥጋት መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ሥዕል መሣል በሚወዱ ሕፃናት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ «ከሣላችሁ ትሸለማላችሁ» ተብለው የሣሉት ልጆች በኋላ በነፃ ጊዜያቸው ለሥዕል ያላቸው ፍላጎት ቀንሶ ሲገኝ፣ ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ፌሊክስ ዋርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ፣ ሰው በመርዳታቸው ቁሳዊ ሽልማት የተሰጣቸው የ20 ወር ሕፃናት ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ኋላ ላይ ለመርዳት እንደሚሰንፉ አሳይተዋል። ስለዚህ ገንዘቡ ለልጁ የሚከፈል ደመወዝ እንዳይመስል፣ በልጁ ኪስ ባይገባና የመዋጮው ዘመቻ ጊዜ አስቀድሞ ቢወሰን ይመረጣል።

በመጀመሪያ ሥራዎቹን በሁለት ይለዩ። አልጋን ማንጠፍ፣ የራስን ካልሲ ማጠብ፣ ማዕድ ሲቀርብ እንግዳን እጅ ማስታጠብና መላላክ የቤተሰብ ድርሻ ስለሆኑ ምንም አይከፈልባቸውም። ለመዋጮው የሚታሰቡት ከዚህ ውጭ የሆኑና ሁልጊዜ የማይሠሩ ሥራዎች ናቸው፤ ለምሳሌ የቤተሰቡን ጫማ ሁሉ መወልወል፣ መደርደሪያ አውርዶ ማጽዳት፣ ግቢ መጥረግ፣ ምስር መልቀም፣ ችግኝ ማጠጣት። እሳት፣ የፈላ ውኃ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና በረኪና ከትንንሽ ልጆች መራቅ አለባቸው፤ በርበሬ መቀንጠስም ዓይኑን በእጁ ለሚያሽ ልጅ አይሰጥም።

ከዚያ ለሚሠራው ሥራ ለመዋጮው ለመክፈል ቃል የሚገቡ ሰዎችን ልጁ ራሱ ይጠይቅ። አያት፣ አጎትና አክስት «ለእያንዳንዱ ሥራ 10 ብር» ብለው ቢስማሙ፣ በሳምንት ሦስት ሥራ ለስድስት ሳምንት የሠራ ልጅ ከእያንዳንዳቸው 180 ብር ይሰበስባል። ልጁ የሠራቸውን ሥራዎች ቁጥር በወረቀት ላይ ጽፎ ከግድግዳ ቢለጥፈው፣ ሒሳቡንም በየሳምንቱ ራሱ ቢደምር፣ ከወላጅ ጉትጎታ በተሻለ ያነሣሣዋል። ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ መቶ ዶላር ልላክ ሲል ግን በትሕትና እንቢ ቢሉ ጥሩ ነው፤ የስድስት ሳምንቱ ልፋት በአንድ ቀን ሐዋላ ከተዋጠ ለልጁ ምን ይቀርለታል?

ወንድምና እኅት ባሉበት ቤት ለእያንዳንዱ የተለየ ሣጥን ከማዘጋጀት አንድ የጋራ ሣጥን ይሻላል። ቡሄ ሲመጣ ሆያ ሆዬ ጨፍረው፣ በእንቁጣጣሽም አበባየሆሽ ዘፍነው ያገኙትን በጋራ ማስቀመጥ ልጆቻችን አስቀድመው የሚያውቁት ነገር ስለሆነ፣ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ዋናው አስቸጋሪ ነገር ግን የሥራ ክፍፍሉ ነው። በብዙ ቤቶች ሴት ልጅ ዕቃ ታጥባለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ትናንሽ ወንድሞቿን ትጠብቃለች፤ ወንዱ ለዕቃ ግዢ ሱቅ ደርሶ ከመጣ በቂ ሥራ እንደሠራ ይቆጠርለታል። መዋጮው በዚህ ላይ ከተጨመረ፣ እሷ ሳይከፈላት የምትሠራው ሳይቀነስ አዲስ ሥራ ይጫንባታል፤ ወንዱም ከዚህ በፊት ሠርቶ የማያውቀውን የዘወትር ሥራ በገንዘብ ብቻ የሚሠራው ነገር አድርጎ ይወስደዋል። ስለሆነም ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት የዘወትሩን ሥራ በሁለቱ መካከል እኩል ማካፈል ያስፈልጋል። ዕቃ ማጠብን ለወንዱ የሚከፈልበት፣ ለሴቷ የማይከፈልበት ሥራ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

የቤት ሠራተኛ ባለችበት ቤት ሌላ ችግር አለ፤ ልጁ ሥራውን ለእሷ አስረክቦ ውጤቱን ለራሱ ሊያስመዘግብ ይችላል። መፍትሔው እሷን መርማሪ ማድረግ ነው። ጫማው በአግባቡ መወልወሉን አይታ የምትፈርመው እሷ ብትሆን፣ ማታለሉም ይቀራል፣ ልጁም ሥራዋ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ይገነዘባል። ይህን ኃላፊነት ሲሰጧት ግን ፈቃዷን ይጠይቁ፤ የሌላ ሰው ልጅ መቆጣጠር የማትወድ ልትሆን ትችላለች።

ልጁ ገንዘብ ለማግኘት ጎረቤት ወይም ሱቅ ሄዶ እንዲሠራ አይላክ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁና ትምህርታቸውን ወይም ጤናቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ይደነግጋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። በቤት ውስጥም ቢሆን ከጥናትና ከእንቅልፍ ሰዓት ላይ አይወሰድ። የፈተና ሳምንታትን መዝለል፣ ዘመቻውንም ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማድረግ ከግንቦትና ሰኔ ጥድፊያ የተሻለ ነው።

በትምህርት ቤት በኩል ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ሁለት ጥያቄ ያቅርቡ። አንደኛው፣ የየልጁ መጠን በክፍል ፊት እንዳይነበብና ደረጃ እንዳይወጣለት ነው፤ ቤተሰቡ ምንም ማዋጣት የማይችል ልጅ በዚያች ክፍል ውስጥ አለና፣ ለእሱ ቤተ መጻሕፍቱን መጥረግ ወይም የተቀደዱ መጻሕፍትን መጠገን እንደ መዋጮ ይቆጠርለት። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ በደረሰኝ እንዲሰበሰብና የተገዛበት ነገር ለተማሪዎቹ እንዲታይ ነው። በተቻለ መጠን ብሩን ልጁ ራሱ አስረክቦ ደረሰኙን ይዞ ይመለስ።

ዘመቻው ሲያበቃ ወረቀቱ ከግድግዳው ይነሣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ «ግቢውን ብጠርግ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይቆጡ፤ የትምህርት ቤቱ መዋጮ ጊዜ ማለቁን ነግረው፣ ከተጨማሪዎቹ ሥራዎች አንዱን ብቻ ራሱ መርጦ የዘወትር ድርሻው እንዲያደርገው ይጠይቁት፤ ሌሎቹን እስከሚቀጥለው ዓመት ይተዉለት።