ደሞዜን ታክሲ በላው፦ ከከተማ ዳር እየተማሩ ገንዘብ ሲፈልጉ የሚሠሩ ስህተቶች

ሥራ መፈለግ የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ከቤት የሚላክልኝ ብር ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። አባቴን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ድጋሚ ከጠየቅኩት ተበድሮም ቢሆን ይልካል። ስለዚህ አልጠይቅም። ግቢያችን አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነበር። ከበሩ ወጥተህ ዞር ስትል የምታየው ያላለቀ ሕንፃ፣ ሜዳና ባጃጅ ነው። ሥራ ያለው መሀል ከተማ ነው ብለን ሁላችንም አምነናል። ብዙ ጥፋት የመጣውም ከዚህ ነው። ከታች ያሉትን ስህተቶች ገሚሶቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ የቀሩትን የዶርም ልጆች ዓይኔ እያየ ሠርተዋቸዋል።

መንገዱን ሂሳብ ውስጥ አለማስገባት

የመጀመሪያ ሥራዬ ማስጠናት ነበር። ቦሌ፣ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት። ክፍያው በወር 2,400 ብር። ዘመኑ 2014 ነው። ለእኔ ትልቅ ብር ስለነበር ገና ሳልቀበለው ዶርሙን በሙሉ ሻይ ጋበዝኩ።

ከቱሉ ዲምቱ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ለገሃር፣ ከለገሃር ቦሌ። ሦስት ታክሲ ማለት ነው። ሰልፉ ሲጨመርበት መሄጃው ሁለት ሰዓት፣ መመለሻውም ሁለት ሰዓት። ቃሊቲ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከተበላሸ ደግሞ ተዉት።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ማታ ደብተር አውጥቼ አሰላሁት። በወር 12 ቀን እሄዳለሁ። በቀን አራት ሰዓት መንገድ፣ ሁለት ሰዓት ማስጠናት። በወር 72 ሰዓት ይሆናል። ታክሲ ደርሶ መልስ 50 ብር፣ በወር 600። እርቦኝ የምበላው ሳምቡሳና ሻይ በቀን 30 ብር፣ በወር 360። የሚተርፈኝ 1,440 ብር ነው። ለ72 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 20 ብር።

በዚያው ሰሞን አንድ የክፍላችን ልጅ ግቢው አጠገብ ካለው ኮንዶሚኒየም ሁለት ወንድማማቾችን ያስጠና ነበር። በወር 1,500 ብር። ዋጋውን ሲነግረኝ ስቄበታለሁ። እሱ ግን በእግሩ ሩብ ሰዓት ሄዶ፣ ሁለት ሰዓት አስጠንቶ፣ በሩብ ሰዓት ይመለሳል። እሱም በወር 12 ቀን ነው፤ 30 ሰዓት። በሰዓት 50 ብር። ለታክሲ ሰባራ ሳንቲም አያወጣም። አልፎ አልፎ እራትም ይበላል። ከዚያ በኋላ መሳቅ የእሱ ተራ ሆነ።

ከተማ ዳር ሆኖ ገበያ የለም የሚል ሰው ኮንዶሚኒየሞቹን በደንብ አላያቸውም። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ጀሞ፤ ሁሉም በቤተሰብ የተሞሉ ናቸው። እናትና አባት ሥራቸው መሀል ከተማ ነው። ጠዋት በጨለማ ወጥተው ማታ በጨለማ ይገባሉ። ልጆቹን ቁጭ አድርጎ የቤት ሥራ የሚያሠራ ሰው የለም። በዚያ ላይ ፈተናው ሰውን አስደንግጦታል። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሒሳብና ፊዚክስ አስጠኚ የማይጠይቅ ወላጅ ብርቅ ነው።

እንዴት ይገኛሉ? ቴሌግራም ላይ ከመለጠፍ በፊት የብሎኩን ጥበቃ አናግሩ። የትኛዋ እናት አስጠኚ እንደምትፈልግ፣ የማን ልጅ ሒሳብ እንደወደቀ ከጥበቃው በላይ የሚያውቅ የለም። ቀጥሎ የሰፈሩ ባለሱቅ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሂዱ፤ ወላጆች ቤት ናቸው። ሥራው ሲገኝም ማታ ሳይሆን ቅዳሜና እሁድ ይሁን በሉ። ከመሸ ታክሲ ይጠፋል፣ ባጃጁ የፈለገውን ይጠራል፣ በክረምት ደግሞ ጭቃው አለ። በተለይ ሴት ተማሪዎች ይህን ሳይጨርሱ ሥራ ባይጀምሩ እመክራለሁ። የትኛውም ደሞዝ መብራት በሌለው መንገድ ብቻን ለመሄድ አይበቃም።

«ዋጋውን ወሩ ሲያልቅ እንነጋገራለን»

ይሄ የይሉኝታ ስህተት ነው። በዚህ በኩል አንደኛ ነኝ። ቦሌን ትቼ እዚያው ሰፈር ሥራ ሳገኝ አንዲት እናት፣ «አይዞህ ልጄ፣ በእኔና በአንተ መሀል ብር ምን አላት?» አሉኝ። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። ሁለት ልጆች ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤት ልጅ መጣ፤ «እግረ መንገድህን እሱንም እያየኸው» ተባልኩ። በሦስተኛው ሳምንት የጎረቤቱ ልጅ እህቱን ይዞ መጣ። ወሩ ሲያልቅ 500 ብርና በፌስታል በሶ ተሰጠኝ። በሶው ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም።

ሴትየዋ ክፉ ሰው አልነበሩም። እሳቸው እንደ ጎረቤት ልጅ አዩኝ፣ እኔ እንደ ሠራተኛ ጠበቅኩ፤ ማናችንም አልተነጋገርንም። አሁን ቢሆን በር ላይ እንዲህ እላለሁ፦ «እትዬ፣ ሳንጀምር እንነጋገር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ልጅ፣ ክፍያው ይህን ያህል። ልጅ ከተጨመረ ክፍያውም ይጨመራል። ግማሹን ስጀምር ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል።» ይህን በትህትና መናገር ነውር የለውም። ቅር የሚለው ወላጅ ካለ ወር ጨርሶም አይከፍልም ነበር።

ሰው የማያስታውሰው አንድ ነገር አለ። የልጆቹ ፈተናና የእናንተ ፋይናል ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል። ልጁ በጣም የሚፈልጋችሁ እናንተ ላይብረሪ ማደር ባለባችሁ ሳምንት ነው። ስለዚህ «በፋይናሌ ሁለት ሳምንት አልመጣም፣ ከዚያ በፊት ባሉት ቅዳሜዎች አካክሳለሁ» ብላችሁ ከመጀመሪያው ተናገሩ።

ለመቀጠር መክፈል

የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ታውቁታላችሁ። «ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልዩ ዕድል! ልምድ አያስፈልግም! በሳምንት ጥቂት ሰዓት!» ትደውላላችሁ። መመዝገቢያ ይጠየቃል። ከፍላችሁ ስትሄዱ ሌላ ፎርም፣ ሌላ ክፍያ። ደላላ ሥራ አገናኝቶ ኮሚሽን ቢወስድ ይገባኛል፤ ሥራው ከተገኘ በኋላ ነው። ገና ሥራው ሳይታይ ብር የሚጠይቅ ግን የሚሸጠው ተስፋችሁን ነው።

ከዚህ የባሰው አዳራሹ ነው። የዶርሜ ልጅ «ቢዝነስ ላሳይህ» ብሎ ወሰደኝ። ጭብጨባ፣ ሱፍ የለበሱ እኩዮቻችን፣ መኪና ፊት የተነሱት ፎቶ። አንድ ዕቃ ትገዛለህ፣ ከዚያ አምስት ሰው ታስገባለህ፣ እነሱም አምስት አምስት ያስገባሉ። ስለ ዕቃው የተነገረው አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ቀሪው ሁለት ሰዓት ሰው ስለማስገባት ነው። ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝና ስልኬ ላይ ካልኩሌተር ከፈትኩ። 5፣ 25፣ 125፣ 625... አሥራ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ከ244 ሚሊዮን በላይ ሰው ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕዝብ ሕፃን አዋቂው ተደምሮ አይበቃም። ለጓደኛዬ አሳየሁት። «አንተ ኔጋቲቭ ነህ» አለኝ። የገባበት ብር የእህቱ የእቁብ ብር ነበር። አልተመለሰም።

ስልክ እየነካኩ ሳንቲም የሚሰበስቡባቸውን የቴሌግራም ጨዋታዎችም እዚሁ እደምራቸዋለሁ። ለሚድ ፈተና ያልተነሳ ልጅ ለነሱ ሲል ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲነሳ አይቻለሁ።

የሰው አሳይመንት መሥራት

አጭሩን ልንገራችሁ፤ ገንዘቡ ቶሎ ይመጣል፣ ጣጣውም ቶሎ ይመጣል። ሰው በብር የሠራችሁለትን አሳይመንት ለሦስት ጓደኛው ያከፋፍለዋል። አራት አንድ ዓይነት ወረቀት አስተማሪው ጠረጴዛ ላይ ይገናኛል። ሲጠየቅ የሚጠራው ስም የእናንተ ነው። ይልቅ ያንኑ ትምህርት ለፍሬሾች በቡድን አስጠኑ። ስድስት ልጅ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጣ ከአንድ አሳይመንት ይበልጣል፤ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊትም አያቆምም።

ዶርም ውስጥ ሱቅ ከፍቶ በዱቤ መሸጥ

ብስኩት፣ ቆሎ፣ ሶፍት፣ እስክሪብቶ። ከተማ ዳር ላለ ግቢ ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ከመሸ በኋላ ወጥቶ የሚገዛ የለምና። አጠገባችን የነበረው ዶርም ልጅ ዕቃውን ከመርካቶ በጅምላ እያመጣ ጀመረ። በሦስት ወር ከሰረ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንዱ ዱቤ ነው። ደብተሩ ላይ «ብሬ - 2 ብስኩት» ተብሎ ይጻፋል፤ ሦስት ብሬ አለ፤ ሦስቱም እኔ አይደለሁም ይላሉ። ሁለተኛው ራሱ ነው። ሌሊት ሲያጠና ሲርበው ከአልጋው ሥር እጁን ይሰዳል።

እሱ ሲዘጋ አንዷ የሴቶች ዶርም ልጅ ያንኑ ሥራ ጀምራ እስክትመረቅ ሠራችበት። ልዩነቱ ቀላል ነው። ሽያጩ በቴሌብር ብቻ ነው፤ ብሩ ሳይገባ ዕቃው አይወጣም። የሱቁን ብር ደግሞ ከኪሷ ብር ለይታ ሌላ ባንክ ውስጥ ታስቀምጣለች። ራሷ ስትበላም ለራሷ ትከፍላለች። ስቀንባት ነበር። ብቻ አንድ ነገር፦ ምድጃ አስገብታችሁ ኢንዶሚ እየቀቀላችሁ አትሽጡ። ዶርም ውስጥ ምድጃ ክልክል ነው፤ ክልክል የሆነውም በከንቱ አይደለም።

ዶላር ሲባል መሮጥ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ፍሪላንሰር መሆን፣ ማለትም በኢንተርኔት ለውጭ ደንበኛ ሠርቶ በዶላር መከፈል ይፈልጋል። መፈለጉ ጥሩ ነው። ስህተቱ አጀማመሩ ላይ ነው።

ብዙዎች የሚጀምሩት አካውንት በመከራየት ነው። አፕወርክ በሚባለው የፍሪላንስ ሥራ ማገናኛ ድረ ገጽ ላይ የሌላ ሰው አካውንት ተከራይቶ መሥራት ክልክል ነው፤ ከታወቀ ይዘጋል። ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የይለፍ ቃሉ የባለቤቱ ነው፣ ብሩ የሚገባውም ለእሱ ነው። አንድ ጓደኛዬ ሁለት ወር ሙሉ ሎጎ ሠራ። ክፍያው የገባ ዕለት አከራዩ ቴሌግራሙን አጠፋ።

ሁለተኛው ስህተት ብሩ በምን እንደሚመጣ ሳያጣሩ ሥራ መጨረስ ነው። ፔይፓል ኢትዮጵያ ውስጥ ለተከፈተ አካውንት መክፈያ እንጂ መቀበያ ሆኖ አያገለግልም። እዚህ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ፔዮነርን ነው። ይህን ከደንበኛው ጋር ከመስማማታችሁ በፊት እወቁ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ደግሞ ከዚህ ሥራ ምንም አትጠብቁ፤ የታክሲውን ብር ከሌላ ቦታ አምጡት።

ማታ ሠርቶ ጠዋት መማር

ከግቢያችን ብዙም በማይርቅ ፋብሪካ የማታ ሺፍት የገባ ልጅ ነበር። ማታ ይሠራል፣ ጠዋት ላብራቶሪ ይገባል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን እስከ 8፣ በሳምንት እስከ 48 ነው። ይህ እንግዲህ ሌላ ምንም ለሌለው ሰው ነው፤ እሱ በላዩ ላይ 18 ክሬዲት ጭኖበታል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ጂፒኤው ከ2.00 ወረደ፣ ዋርኒንግ መጣ። ያገኘው ደሞዝ አንድ ዓመት ከመድገም አላዳነውም።

ያው ልጅ ክረምት ላይ እዚያው ፋብሪካ ተመልሶ ገባ። ሐምሌና ነሐሴን ሠራ። በመስከረም ሲመጣ አዲስ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ከሲኒየሮች የገዛውን ያገለገለ ላፕቶፕም በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ነበር።