የምረቃ መጽሔት የምታዘጋጁ ልጆች፣ ከሽፋኑ አትጀምሩ

የምሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ዲዛይን ክፍል ነው። ግንቦት ሲገባ የጂሲ (የተመራቂ ተማሪዎች) ኮሚቴዎች ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። ፍላሹ ውስጥ የሚያምር ሽፋን አለ። የተመራቂዎቹ ስም ዝርዝር ግን ገና አላለቀም። እኔ ደግሞ የምፈልገው እሱን ነው።

መጀመሪያ ሰው ቁጠሩ። 240 ተመራቂ ካላችሁና በአንድ ገጽ ስድስት ሰው ከነላስት ወርዱ (ከነስንብት ቃሉ) ካስቀመጣችሁ 40 ገጽ ይሆናል። ለዲኑ መልእክት፣ ለመምህራን ፎቶና ለማስታወቂያ 8 ገጽ ጨምሩ፤ 48። አሪፍ ቁጥር ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ስለሚወጣው፣ 48 ገጽ በሦስት ወረቀት ልክክ ይላል። 50 ገጽ ግን መሐሉ በሽቦ ለሚሰፋ መጽሔት አይሆንም፤ ለአራት መካፈል አለበት። ያኔ ሁለት ገጽ ለመሙላት ግጥም ፍለጋ ይጀመራል። ግጥሞቹን አይቻቸዋለሁ፤ 48 ይሻላል።

ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ «መጽሔት ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። መጠኑን፣ የገጹን ብዛት፣ ከለር መሆኑን፣ የውስጡን ወረቀት (115 ወይም 135 ግራም አርት ፔፐር ይበቃል)፣ የሽፋኑን ውፍረትና ላሚኔሽን፣ የኮፒውን ብዛትና የመረከቢያውን ቀን ጻፉ። ያንኑ ጽሑፍ ለሦስት ማተሚያ ቤት ስጡ። 15 በመቶው ቫት መካተቱንም አረጋግጡ። ወረቀት ከውጭ ስለሚገባ የሰጠናችሁ ዋጋ የሚጸናው ለጥቂት ቀን ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡ ቀድሞ ይሰብሰብ። «ስፖንሰር አደርጋችኋለሁ» ያለ ካፌ ብሩን እስኪያስገባ ድረስ ሂሳባችሁ ውስጥ አይግባ። ኮፒ ላይ ደግሞ አትሰስቱ። በኦፍሴት ማሽን ስናትም ከባዱ ወጪ ፕሌቱ (ገጹ የሚቀረጽበት የማተሚያ ሰሌዳ) እና የማሽኑ ዝግጅት ነው። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ 30 ኮፒ ቢጨመር ብዙ አይጎዳችሁም፤ ከወር በኋላ 30 ኮፒ ብቻ ብትሉ ግን ዋጋው ያስደነግጣችኋል።

አሁን ወደ ስም እንምጣ። ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው። ሐና አለች፣ ሃና አለች። ፀሐይ አለ፣ ጸሃይ አለ። አንዱ ሥላሴን በንጉሡ ሠ ይጽፋል፣ ሌላው አይጽፍም። ተወካዩ «እኔ አውቃቸዋለሁ» ብሎ እንዳይጽፍላችሁ። እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ራሱ ጽፎ ይፈርም፤ የእንግሊዝኛው ሬጅስትራር ካለው ጋር አንድ ይሁን። በኮምፒውተር በፊደል ተራ ስታስደረድሩ ሐና ከለሊሴ በኋላ ትመጣለች፤ ማሽኑ ሀን እና ሐን የሚያያቸው ለየብቻ ነው። ተራውን በእጅ አስተካክሉት። ጽሑፉን በዩኒኮድ ጻፉ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ስም ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል።

ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ይጨመቃል። ስክሪንሾት እና ከቡድን ፎቶ ተቆርጦ የወጣ ፊት አትቀበሉ፤ ስልክ ላይ ጥሩ ነው፣ ወረቀት ላይ ጭጋግ ነው። የፋይሉ ስም የተማሪው አይዲ ቁጥር ይሁን። እኔ ማን ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉም ጋዋን ለብሷል። ስለ ጋዋኑ ካነሳን፣ ፎቶ አንሺውን ከኋላ ፈዘዝ ያለ መደብ እንዲጠቀም ንገሩት። ጥቁር ጋዋን በጥቁር መደብ ላይ ስክሪን ላይ ያምራል፤ ሲታተም ግን ትከሻው ጠፍቶ ፊት ብቻ ይቀራል።

ላስት ወርድ ከ15 ቃል አይብለጥ። ከመግባቱ በፊት ሁለት ሰው ያንብበው፤ አንዱ ከሌላ ዲፓርትመንት ይሁን። የውስጥ ቀልድ መስሎ ስድብ የሚያልፈው አንባቢው ሁሉ ጓደኛ ሲሆን ነው።

ሽፋኑ ላይ የምረቃውን ቀን አታስገቡ፤ ቀን ይቀየራል። ዓመተ ምሕረቱ ይበቃል።

ፕሩፉን (ከመታተሙ በፊት ለእርማት የምንሰጣችሁን ናሙና) በስልክ አትዩት። አትማችሁ ዲፓርትመንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሦስት ቀን ለጥፉት፤ እያንዳንዱ ስሙ አጠገብ ይፈርም። ለእኛ ፈርማችሁ ከሰጣችሁን በኋላ የአንድ ፊደል እርማት አዲስ ፕሌት ነው፤ የሚከፈለውም ከእናንተ ኪስ ነው። ይህ ሁሉ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይለቅ። ሰኔ ላይ ሁሉም ኮሌጅ አንድ ላይ ይመጣል፣ እኛም «ነገ» ማለት እንጀምራለን።

ስትረከቡ ከየጥቅሉ አንድ አንድ አውጥታችሁ ገልጡ። የተገለበጠ ወይም የተደገመ ገጽ ካለ እዚያው መልሱልን። ቀሪውን ክፍያ ከዚያ በፊት እንዳትሰጡ፤ ይህን ስነግራችሁ አለቃዬ ባይሰማ ይሻላል።