የመስኖ ሞተር ውሃ መሳብ ሲያቆም ጥፋቱን እንዴት እናገኛለን?

በሰሜን ሸዋ፣ በቀወት፣ በኤፍራታና ግድም ወይም በአንጾኪያ በኩል በበጋ ወንዝ ዳር የዋለ ሰው ሞተሩ ውሃ መያዝ አለመያዙን ከድምፁ ያውቃል። ውሃ ሲይዝ ድምፁ ይከብዳል። ሲለቅ ድንገት ቀለል ይልና ይጮሃል። ሽንኩርት ተክሎ ተራውን ሲጠብቅ የሰነበተ ገበሬ ያንን ጩኸት ሲሰማ መደንገጡ አይቀርም። ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ በራስ እጅ የሚስተካከል ነው።

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ። «ትንሽ ቢቆይ ይስባል» ብሎ ማስጮህ ከሁሉ የከፋው ነገር ነው። በሞተሩና በፓምፑ መካከል፣ ዘንጉ በሚያልፍበት ቦታ ላይ «ሲል» የሚባል ውሃ የሚያግድ ማሸጊያ አለ። እሱን የሚያቀዘቅዘው ፓምፑ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ያለ ውሃ ሲሽከረከር በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። ፓምፑ ግሎ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ብላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ አትሙሉበት፤ ሲሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። በእጅ ሲነካ እስኪበርድ ጠብቁ።

መቼ ነው የለቀቀው?

ብዙ ሰው ወዲያው ካቻቪቴ ይዞ ብሎን መፍታት ይጀምራል። እኔ ግን ከዚያ በፊት ይህችን ጥያቄ እጠይቃለሁ። መልሷ ግማሹን ሥራ ትጨርሳለች።

ማታ ደህና ሠርቶ ያደረ ሞተር ጠዋት ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ ችግሩ ውሃ አጋቹ ቫልቭ ላይ ነው። ይህ ወይ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ፉት ቫልቭ ነው፣ ወይ ፓምፑ አፍ ላይ ያለችው የጎማ ክዳን ናት። አንዲት ጠጠር ወይም ቅጠል መሃሉ ገብታ ስትቀር ውሃው ሌሊቱን ተመልሶ ወንዝ ይገባል። ፍቱት፣ እጠቡት፣ ጎማው ደርቆ ከሆነ ቀይሩት።

ሲሠራ ቆይቶ መሃል ላይ ከለቀቀ፣ ወደ ወንዙ ሂዱ። ውሃው ቀንሶ መሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ወንፊት ብቅ ብሎ ይሆናል። ብቅ ባይልም እንኳ ከላይ ያለው ውሃ ትንሽ ከሆነ እየተሽከረከረ አየር ይዞ ይገባል። ከወንፊቱ በላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ውሃ ይኑር። በጋው ሲገፋ የሮቢም የጀውሃም ወንዝ ውሃ ስለሚሳሳ፣ በድንጋይ ከትሮ ትንሽ ኩሬ መሥራት ግድ ነው። ወንፊቱን አሸዋ ላይ አታስተኙት። ቅርጫት ውስጥ አስገብታችሁ ከመሬት ከፍ አድርጉት።

ከመጀመሪያውም አልስብ ካለ፣ ወይም ውሃው እያለ በየጊዜው የሚለቅ ከሆነ ግን አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ሰው ሁሉ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

የአየሩን መግቢያ ማግኘት

የሚያስቸግረው ምን መሰላችሁ? በመሳቢያው ቱቦ በኩል ያለ ቀዳዳ ውሃ አያንጠባጥብም። ሞተሩ ሲሠራ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል። ስለዚህ በቀዳዳው ውሃ አይወጣም፤ አየር ነው የሚገባው። ገበሬው ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ ይዳብሳል፣ እርጥብ ነገር ያጣል፣ «ቱቦው ደህና ነው» ብሎ ፓምፑን ይፈታል። ምንም ያልነበረው ፓምፕ ያኔ ይበላሻል።

ቀዳዳው እንዲያንጠባጥብ ማድረግ ይቻላል። ሞተሩ እንደጠፋ ቱቦውን ከወንዝ አውጡ። ወንፊቱ ያለበትን ጫፍ አንድ ሰው ከፓምፑ በላይ ከፍ አድርጎ ይያዝ። ፉት ቫልቭ ካለው ይፈታ። ከዚያ በባልዲ ሙሉት። አሁን ግፊቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ የተሰነጠቀው ቦታ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ታያላችሁ። በዚህም ካልታየ፣ ውሃው ገና ሳይለቅ ሞተሩን እያሠራችሁ መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ወደ ውስጥ የሚሳብበት ቦታ ችግሩ ያለበት ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ቱቦው ከፓምፑ ጋር በሚገናኝበት ስንዝር በምታህል ቦታ ላይ ነው። እዚያ ቱቦው ይታጠፋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ሞተሩ ያንቀጠቅጠዋል። ከታች በኩል ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣና ሲታጠፍ ብቻ ይከፈታል። ያንን ቦታ ቆርጣችሁ ጣሉት። ጫፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ ሲለሰልስ መልሳችሁ ክተቱት። በሁለት ፋሼታ (በብሎን የሚጠብቅ የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) እሰሩት፤ ብሎኖቻቸው በተቃራኒ ጎን ይሁኑ። በሽቦ ማሰርን እኔ አልወደውም። ሽቦ በተጠመዘዘበት በኩል ክፍተት ይተዋል። ከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ቀዶ፣ ወጥሮ መጠምጠም ቀኑን ያሳልፋል፤ በማግስቱ ግን ቱቦው መቆረጡ አይቀርም።

ሌላዋ መጋጠሚያው ውስጥ ያለችው ክብ የጎማ ወሸር ናት። ቱቦ ሲፈታ ትወድቅና ማንም ልብ አይላትም። እሷ ከሌለች ቴፍሎን የቱን ያህል ብትጠመጥሙ አየሩ አይቆምም። መለዋወጫ ወሸር ሁልጊዜ ያዙ።

ቱቦው መሃል ላይ እንደ ጉብታ ከፍ እንዳይልም ተጠንቀቁ። አየር እዚያ ይጠራቀማል። ከውሃው ወደ ፓምፑ እየወጣ ይሂድ። ለመሳቢያ የሚሆነው ጠንካራው፣ ጥምዝ ያለው ቱቦ ነው። ጨርቅ መሳዩ ሲሳብ ስለሚጣበቅ ለመውጫው ብቻ ነው።

ከፍታውን አትርሱ

ፓምፑ ላይ «8 ሜትር ይስባል» ተብሎ ሲጻፍ፣ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ማለት ነው። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው፤ ወደ ደጋ ስንወጣ ያ ክብደት ይቀንሳል። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ከውሃው እስከ ፓምፑ ያለው ቁመት ከ6 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ግን ከአራት ሜትር ተኩል በላይ አትመኑት። ቆላ ላይ ሲሠራ የነበረ ሞተር ደጋ ወጥቶ «ተበላሸ» የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ፓምፑን ወደ ውሃው አቅርቡት፤ ከርቀት መግፋት አይከብደውም።

ማቅረብ ስል ግን የቤንዚን ሞተር ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ ማለቴ አይደለም። ጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ሳይታወቅ ሰው ይገድላል። ወርዶ የወደቀውን ሊያወጣ የሚወርደውም አብሮ ይሞታል። ለጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚገባ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው መፍትሔው።

መልሶ ማስነሳት

የመሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ውሃ ቀስ እያላችሁ ሙሉ። ቱቦውን ወዝወዝ አድርጉት። አረፋ መውጣቱን ሲያቆም ክዳኑን ከነጎማው አጥብቁ። የመውጫው ቱቦ ውሃ ተሞልቶ ዳገት ላይ ተዘርግቶ ከሆነ አየሩ መውጫ ስለሚያጣ መጀመሪያ አራግፉት። ነዳጁን ሳታበዙ አስነሱ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ድምፁ ካልከበደ አጥፉና እንደገና ሙሉ። ስቦ ከያዘ በኋላ በሞተሩና በፓምፑ መካከል ጎንበስ ብላችሁ እዩ። እዚያ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሲሉ አልቋል ማለት ነው፤ ውሃው ወደ ሞተሩ ዘይት ሳይገባ ይቀየር።