ሃይብሪድ መኪና ለሥራ ምልልስ ያዋጣ እንደሆነ እንዴት ማስላት ይቻላል

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያለ ሰው መኪና ልገዛ ነው ሲል መካሪ አያጣም። አንዱ «ሃይብሪድ ግዛ፣ ጋዝ አይጠጣም» ይላል፤ የቤንዚንም የኤሌክትሪክም ሞተር ያለውን መኪና ማለቱ ነው። ሌላው «ባትሪው የሞተ ቀን ጉድ ትሆናለህ» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት የደረሰባቸውን ነው። ነገር ግን እነሱ የሚነዱት በእናንተ መንገድ አይደለም። ስለዚህ ዲለር ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

መጀመሪያ መንገዳችሁን እወቁ። ስንት ማይል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነም ጭምር። ሃይብሪድ ነዳጅ የሚቆጥበው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። ፍሬን ስትይዙ ኤሌክትሪክ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ይሆንና በተራ መኪና ላይ ሙቀት ሆኖ የሚባክነውን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። መብራት ላይ ስትቆሙ ወይም ትራፊኩ ሲንፏቀቅ ደግሞ የቤንዚን ሞተሩ ይጠፋል። መቆምና መነሳት የበዛበት መንገድ ለሃይብሪድ ሰርግና ምላሽ ነው። በ70 ማይል ፍጥነት አንድ ጊዜ ሳይቆም የሚሄድ መኪና ግን ፍሬን ብዙም አይነካም። የሚመለስ ጉልበት የለም፤ ነዳጁ የሚያልቀው ነፋሱን በመግፋት ነው።

በቁጥር እንየው። የ2024 ቶዮታ ኮሮላ ኤልኢ በኢፒኤ (በአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) መለኪያ በአንድ ጋሎን ከተማ ውስጥ 32፣ ሃይዌይ ላይ 41 ማይል ይሄዳል። ሃይብሪዱ ከተማ ውስጥ 53፣ ሃይዌይ ላይ 46 ይሄዳል። በዓመት 15,000 ማይል ነዳችሁ፣ ጋሎኑም 3.20 ዶላር ነው እንበል። መንገዳችሁ ሁሉ ከተማ ከሆነ ሃይብሪዱ 186 ጋሎን፣ ማለትም 595 ዶላር ገደማ ያተርፍላችኋል። ሁሉም ሃይዌይ ከሆነ 40 ጋሎን፣ 127 ዶላር ገደማ ብቻ። ያው መኪና፣ ያው ማይል ነው። ለውጡን ያመጣው መንገዱ ነው።

እዚህ ላይ ስሙ እንዳያታልላችሁ። ጠዋት ከዉድብሪጅ በ95 አውራ ጎዳና ወደ ዲሲ የሚገባ ሰው ሃይዌይ ላይ ነው ይባላል እንጂ እየተንፏቀቀ ነው የሚደርሰው። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከፍሬድሪክ በ270 የሚወርድ ሰው ግን እውነተኛ ሃይዌይ ይነዳል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት አማካይ ፍጥነታችሁን መዝግቡ። ብዙ መኪኖች ዳሽቦርዱ ላይ ያሳያሉ፤ ካላሳየ ማይሉን ለፈጀባችሁ ሰዓት አካፍሉ። የኢፒኤ የከተማ ፈተና አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 21 ማይል ገደማ ነው፤ የሃይዌዩ 48 ገደማ። የእናንተ ቁጥር ወደየትኛው እንደሚጠጋ ካያችሁ የትኛውን የጋሎን ቁጥር እንደምትጠቀሙ ታውቃላችሁ።

ሥራችሁ ቤታችሁ አጠገብ፣ ሁለት ሦስት ማይል ላይ ከሆነ ደግሞ ክረምቱን አስቡ። በጥር ብርድ መኪናው ውስጡን ለማሞቅ ሲል የቤንዚን ሞተሩን ያስነሳል። ሳይሞቅ ትደርሳላችሁ፤ ቁጠባውም ይቀንሳል።

ቀጥሎ ሃይብሪዱን ከትክክለኛው መኪና ጋር አወዳድሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አሁን የምትነዱት በጋሎን 20 ማይል የሚሄድ አሮጌ መኪና ከሆነ በዓመት 750 ጋሎን ትቀዳላችሁ። በከተማና በሃይዌይ አማካዩ 35 ወደሆነው ተራ ኮሮላ ስትቀይሩ 321 ጋሎን ይተርፋችኋል። ከዚያ ላይ አማካዩ 50 ወደሆነው ሃይብሪድ መሄድ የሚጨምርላችሁ 129 ጋሎን ነው። ትልቁ ትርፍ አሮጌውን በመሰናበት የመጣ ነው። ሃይብሪዱ ለተጨመረበት ዋጋ መልስ መስጠት ያለበት በእነዚያ 129 ጋሎኖች ብቻ ነው።

አሁን ማካፈል ነው። ለሁለቱም መኪኖች ታክስና ክፍያው ሁሉ ገብቶበት የመጨረሻውን ዋጋ በጽሑፍ ጠይቁ። በወር ስንት እንደምትከፍሉ ሳይሆን ጠቅላላውን። ተፈላጊ በሆኑ ሃይብሪዶች ላይ ከፋብሪካው ዋጋ በላይ የሚጨምሩ ዲለሮች አሉ፤ ጭማሪው ሒሳቡን ያበላሸዋል። ልዩነቱ 1,500 ዶላር ነው እንበል። ለከተማ ነጂው በሁለት ዓመት ተኩል ይመለሳል። ለሃይዌይ ነጂው ወደ 12 ዓመት ይጠጋል። እኔ ከአምስት ዓመት በታች ከወጣ ሃይብሪዱን እገዛለሁ፤ ከስምንት ካለፈ ተራውን። መሀል ላይ ከወደቀ መኪናውን ስንት ዓመት ልትይዙት እንዳሰባችሁ ይወስነው። ቀን ሥራ ሄዶ ማታ ከተማ ውስጥ ኡበር ለሚሠራ ሰው ግን ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም፤ ሃይብሪድ ይግዛ።

ኢንሹራንሱን ለሁለቱም አስጠይቁ። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ በጋሎን 25 ማይልና ከዚያ በላይ በሚሄዱ መኪኖች ላይ በምዝገባ ጊዜ የሚከፈል የመንገድ ክፍያ እንዳለ አትርሱ። ተራው ኮሮላም ይከፍላል፤ ሃይብሪዱ ትንሽ ይበልጣል። ካምሪ ከሆነ ያማራችሁ ከ2025 ሞዴል ጀምሮ የሚመጣው በሃይብሪድ ብቻ ስለሆነ ጥያቄው ራሱ የለም።

በሶኬት የሚሞላውን ዓይነት የምታስቡ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ማታ የት ትሰካላችሁ? የ2023 ፕሪየስ ፕራይም ኤስኢ በባትሪ ብቻ 44 ማይል ይሄዳል፤ ለብዙ ሰው ደርሶ መልስ ይበቃል። አፓርትመንት ውስጥ ሶኬት ሳይኖር ግን ለማትጠቀሙበት ባትሪ ነው የምትከፍሉት። ተራው ሃይብሪድ መሰካት የሚባል ነገር አይፈልግም።

ያገለገለ ሃይብሪድ የምትገዙ ከሆነ የበለጠ ጠንቀቅ በሉ። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለዋናው ባትሪ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ዋስትና ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነበር። ዓመቱ የሚቆጠረው መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ነው። ከ2010 እስከ 2015 ያለውን ፕሪየስ ጠዋት ሳይሞቅ አስነሱት። ከተንቀጠቀጠና የራዲያተር ውሃው ከጎደለ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩን ራስ የሚያሽገው) እያለቀ ሊሆን ይችላል፤ የዚህ ሞዴል የታወቀ ችግር ነው። ከ2004 እስከ 2009 ያለውን ደግሞ ሌቦች ለካታሊቲክ ኮንቨርተሩ፣ ማለትም ለጭስ ማጣሪያው ይወዱታል፤ ከሥሩ መከላከያ ብረት ካሳሰራችሁ ይሻላል።

ከኋላ ወንበር ጎን ያለችውን የአየር መግቢያ ወንፊትም እዩ። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው በእሷ ነው። ጣታችሁን አሳልፉባት። አቧራና የውሻ ፀጉር ከደፈናት ባትሪው በበጋ ሙቀት ሲታፈን ኖሯል ማለት ነው። ከዚያ ሃይብሪድ የሚያውቅ መካኒክ ጋ ወስዳችሁ ባትሪውን አስለኩ። ሻጩ አላስነካም ካለ ሌላ መኪና ፈልጉ።